«ሲስተም የለም» ሲባል ዕዳው የማን ነው?

ክፍያ መቋረጥ የጀመረው መብራትና ኔትወርክ ከመጡ ወዲህ የሚመስለን ብዙ ነን። ታሪኩ ግን ረዘም ይላል።

አሞሌን አስቡት። ከአፋር የጨው ሜዳ በግመል ተጭኖ ይወጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል። ለትልቁ ክፍያ ጠገራ ብር ነበር፣ ዝርዝሩ አሞሌ ነው። የዚያን ዘመን «ሲስተም የለም» ክረምት ነበር በሉት። ኪሳራውም አሞሌውን በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። ዳሸን ባንክ የሞባይል ክፍያውን «አሞሌ» ብሎ ሲሰይም ይሄን ጠባዩን ያስታወሰው አይመስለኝም!

ቀጥሎ የዱቤ ደብተር አለ። ብር ሲያጥር ስም ይጻፋል፣ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ነገ» ብሎ የለጠፈ ቤት እንኳ መሳቢያው ውስጥ ደብተር አያጣም። የቀረው ዕዳ የባለቤቱ ነበር፤ ማንን እንደሚያምን የሚመርጠውም እሱው ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ አብዛኛው ሰው ምሳውን የሚከፍለው በጥሬ ብር ነበር። ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ አዲሱ ገበያም ሆነ ሽሮ ሜዳ ስልኩን ብቻ ይዞ ምግብ ቤት የሚገባው ብዙ ነው። የጠፋው ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ *127# አለ፣ የስልክ ሲግናል ይበቃዋል። መብራቱ ቆይቶ የአንቴናው ባትሪ ካለቀ ግን እሱም የለም።

ታዲያ አሁን ዕዳው ወደ ማን ዞረ? እዚህ ጉለሌ የጠየቅኳቸው አስተናጋጆች መልሳቸው አንድ ነው፦ «ልኬያለሁ» ብሎ የሄደ ደንበኛ ብሩ ካልገባ ከእነሱ ደመወዝ ይቆረጣል። ደንበኛውን የመረጡት፣ ኔትወርኩን ያጠፉት እነሱ አይደሉም። በታሪካችን ዕዳው እንዲህ አቅም ወደሌለው ሰው የወረደበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

መፍትሔው ያው የድሮው ደብተር ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ስም፣ ስልክ፣ የገንዘቡ መጠንና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ወይም ሒሳብ ተቀባዩ ይፈርምበት፤ ኔትወርክ ሲመለስ ይመሳከር። የፈረመው ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ፣ አስተናጋጇ ነፃ ትሁን። እኛም ኪሳችን ውስጥ የአንድ ምሳ ብር አናጣ።

ሆቴል ቤት የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ ማን ነው የሚከፍለው? እስቲ ጻፉልኝ።