የአድራሻ ጥያቄ፦ የኮምፒውተር አርክቴክቸር ወደ ዲኤንኤ የገባበት ታሪክ



መረጃን በዲኤንኤ የማስቀመጥ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ማን ስንት ሜጋባይት አስቀመጠ በሚል ውድድር ነው። እኔ ዛሬ የምከተለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የተቀመጠውን መልሶ ማግኘት።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሃርቫርዱ ጆርጅ ቸርችና ባልደረቦቻቸው አንድ መጽሐፍ፣ በ2013 ደግሞ የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ተመራማሪው ኒክ ጎልድማንና ቡድናቸው የሼክስፒርን ሶኔቶች በዲኤንኤ ጻፉ። ዜሮና አንድ ወደ አራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ተመንዝረው፣ ጽሑፉ በብዙ ሺህ አጫጭር ቁራጮች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ቁራጭ ተራ ቁጥሩን ይዟል። ሆኖም አንዲት ገጽ የፈለገ ሰው ሁሉንም ቁራጮች ማንበብ ነበረበት፤ ገጾቹ ተገንጥለው በአንድ ጆንያ እንደተቀላቀሉ መጽሐፍ ማለት ነው።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሉዊስ ሴዜ የመጡት ከኮምፒውተር አርክቴክቸር ነው። ቀደም ሲል ጥቂት ስሕተትን በመፍቀድ ኃይል የሚቆጥቡ ኮምፒውተሮችን አጥንተዋል። ዲኤንኤም ሲጻፍም ሲነበብም ስሕተት ስለማያጣው፣ ጠባዩ ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም። ለአርክቴክቸር ባለሙያ ደግሞ አድራሻ የሌለው ማከማቻ ማከማቻ አይባልም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኦልጊካ ሚለንኮቪች ቡድን በ2015 ተቀራራቢ ሐሳብ ሞክሮ ነበር። በ2016 ሴዜ፣ የማይክሮሶፍቷ ካሪን ስትራውስና ባልደረቦቻቸው ሐሳቡን እንደ ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት ነደፉት። በቁራጮቹ ጫፍ ለፋይሉ የተለየ መለያ ይጻፋል፤ በላቦራቶሪ የተለመደው ፒሲአር ያንን መለያ የያዙትን ብቻ ያባዛል፤ የተባዛውም ከሌላው በልጦ ይነበባል። በ2018 ቡድኑ ከ200 ሜጋባይት በላይ የሆኑ 35 ፋይሎችን ከ13 ሚሊዮን በሚበልጡ ቁራጮች አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ያለ ስሕተት መልሶ አገኘ።

ፍጥነቱ ግን ገና ነው። በ2019 ያለ ሰው እጅ እንዲሠራ የገነቡት መሣሪያ «ሄሎ» የሚለውን የ5 ባይት ቃል ጽፎ ለማንበብ 21 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ስለዚህ የዲኤንኤ ተስፋ ለዕለት ሥራ ሳይሆን ለቤተ መዛግብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ላስምርበት። ዲኤንኤ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የትኛው መለያ የየትኛው ፋይል እንደሆነና ፊደላቱ እንዴት እንደተመነዘሩ የሚናገረው መዝገብ ግን ከብልቃጡ ውጭ ነው። እሱ ከጠፋ ሞለኪዩሉ ይተርፋል፤ ትርጉሙ ይጠፋል። የሺህ ዓመት ማከማቻ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ማውጫውን ለሺህ ዓመት ማን እንደሚጠብቀው አብሮ መመለስ አለበት።