ሜሊየስ ያላቃጠላቸው ፊልሞች

በ1923 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ አጠገብ ባለችው ሞንትሮይ፣ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው የዕድሜ ልክ ሥራውን በእጁ አቃጠለ። ዦርዥ ሜሊየስ ይባላል። ዕዳ በዝቶበት ስቱዲዮው ሊሸጥ ነው፤ የፊልሞቹን ኔጌቲቮች የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ተናደደና እሳት ለቀቀባቸው።

ሜሊየስ መጀመሪያ አስማተኛ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ የራሱ የምትሃት ቲያትር ቤት ነበረው። በታኅሣሥ 1895 ሉሚየሮች ፊልም ለሕዝብ ሲያሳዩ ተጋብዞ አየ። «መሣሪያውን ሽጡልኝ» አለ፤ እምቢ አሉት። ለንደን ሄዶ የፊልም ማሳያ ማሽን ገዛና ነካክቶ ካሜራ አደረገው። የኛ ሙያ ሰዎች «ሃክ አደረገው» የምንለው ይሄንን ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ጽሑፉ የሱ፣ ዝግጅቱ የሱ፣ ዋናው ተዋናይም እሱ። በ1898 በሠራት አንዲት አጭር ፊልም የራሱን ጭንቅላት ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላ ይበቅልለታል፤ እሱንም ይነቅለዋል። ኮምፒውተር የለ፣ ሶፍትዌር የለ። ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ እየጠቀለለ ደጋግሞ ይቀርጽበታል። አንዴ ከተሳሳተ እንደገና ከዜሮ ነው።

በ1902 «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ወጣ። ዓለም ጉድ አለ፤ ሌቦችም ጉድ አሉ። ያኔ ፊልም እንደ ጨርቅ በሜትር ይሸጥ ስለነበር አንድ ኮፒ ያገኘ ሁሉ ማባዛት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የኤዲሰን ኩባንያ ሳይቀር እያባዛ ሸጠው። ለሜሊየስ አንዲት ሳንቲም አልደረሰውም።

ስለዚህ በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ኒውዮርክ ልኮ ቢሮ አስከፈተ። ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራም መጠቀም ጀመረ፤ አንድ ትዕይንት ሲቀረጽ ሁለት ኔጌቲቭ ይወጣል፤ አንዱ ፓሪስ ይቀራል፣ አንዱ አሜሪካ ይሄዳል። ለቅጂ መብት ምዝገባ ደግሞ በወረቀት ላይ የታተሙ ኮፒዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

ይሄ ሁሉ ግን ከኪሳራ አላዳነውም። ገበያው ከሽያጭ ወደ ኪራይ ዞረ፤ ተመልካቹም ምትሃቱን ጠገበ። በ1911 ንብረቱን አስይዞ ከፓቴ ኩባንያ ገንዘብ ወሰደ፤ አዲሶቹ ፊልሞች አልሸጡም። በመጨረሻ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሱቅ መጫወቻና ከረሜላ ሲሸጥ ተገኘ።

ሰዎች ያስታወሱት ዘግይተው ነው። በ1929 ፓሪስ ላይ ትልቅ የክብር ምሽት ተዘጋጀለት። በ1931 የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ፤ ኒሻኑን ያበረከተለትም ሉዊ ሉሚየር ነው። አዎ፣ መሣሪያቸውን አንሸጥም ካሉት አንዱ! በ1938 አረፈ።

ከሠራቸው ከ500 በላይ ፊልሞች ወደ 200 የሚሆኑት ዛሬ አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ የተረፉት በአሜሪካዎቹ ኔጌቲቮችና በወረቀቶቹ ነው። ያኔ ሜሊየስ ያሰበው ሌባን መከላከል ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ሌባው ሳይሆን ራሱ ክብሪት ጫረ፤ ያ ኮፒ ሥራውን ከገዛ እጁ አዳነለት።

ባክአፕ ስናስብ ሁሌ የምንፈራው የዲስክ መበላሸትን ወይ ሌባን ነው። ተስፋ የቆረጥን ቀን እኛው ራሳችን የምናጠፋውን ግን ማንም አያስበውም።