የዕዳ ዝውውር በራያ ቆላ፤ ከወለድ አገድ እስከ ማዳበሪያ ብድር

ከደሴ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ፣ ከምዕራብ በወሎ ደጋ፣ ከምሥራቅ በዞብል ተራሮች በተከበበ ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሜዳው አፈር ከደጋው ታጥቦ የወረደ ደለል በመሆኑ ለምነቱ የታወቀ ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ስለዚህም የራያ ገበሬ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች በክረምት የሚያወርዱትን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣ ኖሯል። ጎርፉ በወቅቱ ከደረሰ ጎተራው ይሞላል፤ ከዘገየ ወይም የጠለፋውን ግድብ ጥሶ ካለፈ ጎተራው ባዶ ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር ብድር የኑሮ አንድ ክፍል ነው። የአበዳሪው ጭካኔና የወለዱ ብዛት በየጊዜው ይነገራል፤ የመክፈያው ቀን ደርሶ ገንዘብ ሲታጣ ዕዳው ወዴት እንደሚሄድ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

በወሎና በሌሎቹ የሰሜን ክፍለ ሀገሮች ከነበሩት የብድር ሥርዓቶች መካከል በአሠራሩ የተለየው ወለድ አገድ ይባል ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው ተበዳሪው ወለድ አይከፍልም፤ በምትኩ መሬቱን ያስረክባል፤ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ወይም እያሳረሰ ምርቱን ይበላል። ርስት የቤተ ዘመድ ስለ ነበረና ለባዕድ መሸጡ ስለሚያስቸግር፣ ገንዘብ የቸገረው ባለርስት ርስቱን ሳይሸጥ ብር የሚያገኝበት በር ይኸው ነበር። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ሙግት ወይም የበሬ ሞት ባጋጠመ ጊዜ ይህ በር ይንኳኳል።

ወለድ የለውም መባሉ ግን በስሌት ሲመረመር አይጸናም። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ 200 ብር ተበድሮ አራት ጥማድ መሬት አስረከበ እንበል። መሬቱ የዘሩና የአራሹ ድርሻ ከተነሣ በኋላ ለአበዳሪው በዓመት 5 ኩንታል ማሽላ ቢያስገባና ኩንታሉ 12 ብር ቢያወጣ፣ አበዳሪው በየዓመቱ 60 ብር ያገኛል፤ ይህም ከዋናው ገንዘብ 30 በመቶ ነው። አራተኛው ዓመት ሳያልቅ የሰጠውን ያህል በእህል መልሶ አግኝቷል፤ ዕዳው ግን ያው 200 ብር ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ሊከፍልበት የሚችለውን መሬት አብሮ ስላስረከበ ገንዘቡን ለማጠራቀም ያለው ዕድል እጅግ የጠበበ ነው። ሆኖም ለፍርድ ያህል መነገር ያለበት ነገር አለ። ጎርፉ በቀረበት ዓመት አበዳሪውም ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዕዳው በድርቅ ምክንያት አያድግም። ከዚያ በኋላ የመጡት የብድር ዓይነቶች ይህ ጠባይ የላቸውም።

አበዳሪው ገንዘቡን ሲፈልግ ወይም የተቀጠረው ዘመን ሲፈጸም፣ ተበዳሪው ሌላ ባለገንዘብ ፈልጎ ከእርሱ በሚያገኘው ብር የፊተኛውን ይከፍላል፤ መሬቱም ከአንዱ መያዣ ወጥቶ ወደ ሌላው መያዣ ይገባል። በዚህ ጊዜ ለቸገረው ነገር ጥቂት ብር ካስጨመረ ዕዳው ከፍ ብሎ ይዛወራል። በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወለድ አገድ ውል የራሱን ክፍል ሰጥቶታል። ከዚህም በላይ፣ ባለዕዳው ከሌላ ሰው ተበድሮ ዕዳውን በሚከፍልበት ጊዜ አዲሱ አበዳሪ በፊተኛው መብት እንዲተካ ማድረግ እንደሚችል ይኸው ሕግ ደንግጓል። በብድር ውል የሚጻፈው ወለድም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሏል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥም አዟል። ገበሬው የሚበደረው ብር በአብዛኛው ከዚህ በታች ስለ ነበር ውሉ በሽማግሌ ፊት በቃል ተደርጎ ያልቃል፤ የ12 በመቶው ወሰንም በየመንደሩ ሥራ ላይ መዋሉ ያጠራጥራል።

የዕዳ ዝውውር የሚሠራው አዲስ አበዳሪ እስከ ተገኘ ድረስ ብቻ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ከብቱ አልቆ፣ ዘሩ ተበልቶ፣ ሕዝቡ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ሲፈልስ መሬት ተቀብሎ ብር የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰጠው ዋጋ ከመቀማት አይለይም። ከዚህ ቀጥሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን በሽያጭ፣ በመያዣም ሆነ በወለድ አገድ ማስተላለፍን ከለከለ፤ ጪሰኛውንም ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳ ነፃ አወጣው። ይህ ለራያ ጪሰኛ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ድንጋጌው የሚመለከተው ለባለመሬት ያለን ዕዳ ስለ ነበር፣ ከእህል ነጋዴና ከአራጣ አበዳሪ ጋር የነበረው ሒሳብ ባለበት ቀረ። መሬት በመያዣነት መቅረቡ ሲከለከልም አበዳሪው መያዣውን ከመሬቱ ወደ ገና ያልታጨደው አዝመራ አዛወረ።

በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የግብርና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው መታደል ጀመረ። ገበሬው ከዋጋው ከፊሉን በቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን ከአዝመራ በኋላ ያጠናቅቃል። ከሰኔ እስከ ጥር ያለው ጊዜ እንደ እፎይታ የሚታይ ነው፤ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ እፎይታው በሚያልቅበት ቀን ላይ ነው። ጥርና የካቲት የሁሉም ገበሬ እህል ባንድነት ገበያ የሚወጣበትና ዋጋው የሚወርድበት ወራት ነው። ስለሆነም ገበሬው በርካሽ ሸጦ ይከፍላል፤ በክረምት ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል፤ መግዣ ካጣም ከነጋዴ ይበደራል። ወለዱ በወረቀት ላይ ዝቅተኛ ነበር፤ በዋጋ ልዩነት የሚታጣው ግን በየትኛውም ውል ላይ አይታይም።

ለራያ ቆላ ይህ ብድር ሌላም እንከን ነበረው። ጎርፍ ራሱ ደለል ይዞ ስለሚመጣ በጠለፋ የሚለማ ማሳ የማዳበሪያ ፍላጎቱ ከደጋው ያነሰ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመትም የተዘራው ማዳበሪያ ሳይሠራ ይቀራል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የማዳበሪያው ድጎማ ሲነሣ ዋጋው በሙሉ በገበሬው ላይ ወደቀ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገሪቱ የእህል ዋጋ ክፉኛ ወረደ፤ ተከትሎም በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ጠፋ። በወለድ አገድ ዘመን የድርቁ ጉዳት ለአበዳሪውም ይደርሰው ነበር፤ በማዳበሪያ ብድር ግን ዝናቡ ቢቀርም ቀኑ አይቀርም።

የዚህ ብድር መያዣ የክልሉ በጀት ነበር። ባንኩ በክልሉ መንግሥት ዋስትና ያበድራል፤ ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር ገንዘቡ ክልሉ ከፌዴራል መንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህም ያልተከፈለው ዕዳ ከገበሬው ወደ ክልሉ፣ ከክልሉም ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መንገዱ በጀት ተዛወረ። የቀበሌና የወረዳ ሹማምንት በአሰባሰቡ ላይ ጠንካራ የሆኑበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፤ እነርሱም በበኩላቸው ባለዕዳ ሆነው ነበርና።

አዋጅ ቁጥር 40/1988 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት በር ከከፈተ በኋላ በአማራ ክልል በሰፊው የተንቀሳቀሰው በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው፤ ተቋሙ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የዚህ ዓይነት ብድር ከ5,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስን ነበር። መያዣው የቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ካልከፈለ ለሌሎቹም አዲስ ብድር ይዘገያል። ይህ ደንብ አንድ ልማድ አስከተለ። የመክፈያው ቀን የደረሰበት ተበዳሪ ከአራጣ አበዳሪ ለጥቂት ሳምንት ተበድሮ ዕዳውን ያጠናቅቃል፤ አዲስ ብድር እንደ ወጣለትም አራጣውን ይከፍላል። አራጣ በወንጀል ሕግ የተከለከለ በመሆኑ ይህ ድልድይ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ከፍተኛ የብድር አመላለስ ተብሎ የሚቀርበው አኀዝ ከዚህ ስውር ዝውውር ተለይቶ ካልታየ የገበሬውን ኑሮ አያስረዳም።

ይህ የድኻ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል፣ በአሜሪካም የዱቤ ካርድ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር፣ ወለድ ወደማይጠይቅ ሌላ ካርድ ያዛውራል። ለዝውውሩ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ጊዜው ሲያልቅ በቀረው ዕዳ ላይ በዓመት ከ20 በመቶ የሚበልጥ ወለድ ሊጣልበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ካርድ ይፈልጋል። አሜሪካዊው ግን ደመወዙ በየወሩ ስለሚገባ መቼ ሊከፍል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይችላል። የቆቦ ገበሬ ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ጎርፉ ከፈቀደ ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በሞተር ውሃ መሳብ በተጀመረባቸው ማሳዎች ግን ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋም ስለሚመረት፣ የገቢው ቀን ከመክፈያው ቀን ጋር የሚገናኝበት ዕድል ሰፍቷል።

መሬትም ወደ ብድሩ ጨዋታ ተመልሶ ገብቷል። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ቀጥሎም የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016፣ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቅደዋል። የመሬት ኪራይም ለብዙ ዓመት ሊደረግ ይችላል፤ የዘመኑ ኪራይ በቅድሚያ ባንድ ጊዜ ሲከፈል ተከራዩ ገንዘቡን ሰጥቶ ምርቱን ይበላል፤ አከራዩም በተቀበለው ብር ሌላ ዕዳ ይዘጋል። ውሉ የኪራዩን ዘመንና ዋጋውን ይጽፋል፤ በብሩ የተዘጋው ዕዳ የማን እንደ ነበረ ግን አይጻፍበትም።