ከቡና ፍሬ እስከ ኤሌክትሮን ጥንድ፤ የኮቫለንት ትስስር አሳብ አጭር ታሪክ

በጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌና ኮቸሬ ድረስ፣ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰት ጋራ ተሰባጥሮ ይበቅላል። ይህም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስለ ቡና እርሻና ንግድ ብዙ ተጽፏል፤ ቡና በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ስላለው ስፍራ ግን እኛ ተማሪዎች እምብዛም አንነጋገርም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ቡናን የሚያነቃ መጠጥ ያደረገው ካፌይን የተባለው ውሁድ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ፣ ባለቅኔው ጎተ ከሰጠው የቡና ፍሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1819 ለይቶ አወጣው። በ1858 ኬኩሌና ኩፐር፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ የካርቦን አቶም ከሌሎች ጋራ በአራት ትስስር እንደሚያያዝ አስረዱ፤ ኩፐርም ትስስሩን በመስመር አመለከተ። ኤሚል ፊሸር ደግሞ ካፌይንን በ1895 በላቦራቶሪ ሠራ፤ በ1897 የአቶሞቹን አቀማመጥ ወሰነ። ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያስታወቀው በዚያው በ1897 ነው። እንግዲህ ፊሸር መስመሮቹን ሲስል፣ መስመሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ነበር ማለት ነው።

መልሱን በ1916 አሜሪካዊው ሉዊስ ሰጠ፤ መስመሩ ሁለት አቶሞች በጋራ የያዙት የኤሌክትሮን ጥንድ ነው አለ። «ኮቫለንት» የሚለውን ስያሜ ያስገባው ግን፣ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ሉዊስ ሳይሆን፣ በ1919 ላንግሚር ነው። ነገሩ በበሬ በሚታረስበት አገር ያለውን መቀናጆ ይመስላል፤ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች አቀናጅተው ያርሳሉ፤ ጥማዱም ለሁለቱም ይሠራል። ልዩነቱ፣ በሬዎቹ ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ኤሌክትሮኖቹ ግን አለመለያየታቸው ነው።

ይህን በቊጥር መፈተን ይቻላል። ካፌይን 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂን፣ 4 ናይትሮጂንና 2 ኦክሲጂን አቶሞች አሉት። እያንዳንዱ ካርቦን 4፣ ናይትሮጂን 3፣ ኦክሲጂን 2፣ ሃይድሮጂን 1 ኤሌክትሮን ለጋራ ያዋጣል። 32፣ 12፣ 4 እና 10 ሲደመሩ 58፣ ማለት 29 ጥንድ ይሆናሉ። በካፌይን ሥዕል ያሉት መስመሮችም፣ ድርቡ እንደ ሁለት ሲቈጠር፣ 29 ናቸው።

በአገራችን በብዙ ገጠር ቡና በጨው ይጠጣል። በዚያች አንዲት ስኒ ውስጥ ጨው ተከፋፍሎ የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች ይሆናል፤ ካፌይን ግን ይሟሟል እንጂ አይከፋፈልም፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ተሟላ ይቀራል። በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ደካማ፣ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ትስስር ግን ጽኑ ስለ ሆነ ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት በቃሌ አጥንቼ ፈተና አልፌአለሁ፤ መስመሩ ምን እንደ ሆነ ብጠየቅ ግን መልስ አልነበረኝም። ዲላ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪው ከባዕድ ምሳሌ ይልቅ በደጁ ካለው ፍሬ ቢጀምር፣ መስመሩ የብዙ ሰዎች የመቶ ዓመት ጥያቄ መሆኑን ይረዳል ብዬ አምናለሁ።