የጭፍራ መለኪያ

እህል በቁና ይሰፈራል፤ ሸማ በክንድ ይለካል፤ ወርቅም በሚዛን ይመዘናል። ሰዎች ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ግን በምን ይለካል? በዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የጦር አለቆች ሲጨነቁ ኖረዋል፤ በጦር ሜዳ የተሳሳተ መለኪያ የሰው ሕይወት ያስከፍላልና።

በመጽሐፈ መሳፍንት እንደምናነበው ጌዴዎን 32,000 ሰው አስከትቶ ወጣ። የፈሩት ሲመለሱ 10,000 ቀሩ፤ ከእነዚያም በውሃ ዳር ተፈትነው የተለዩት 300 ብቻ ነበሩ፤ ድሉም በእነርሱ ሆነ። ብዛት ብቻውን ኃይል እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ይህ ትምህርት ግን በየዘመኑ ይረሳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1961 እስከ 1968 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ማክናማራ፣ ከዚያ በፊት የፎርድ መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበሩና ነገርን ሁሉ በቍጥር መመርመር የለመዱ ሰው ናቸው። በቬትናም ቋሚ የጦር ግንባር ስላልነበረ፣ ይህን ያህል መሬት ያዝን ብሎ ድልን ማስረዳት አልተቻለም። ስለዚህ የየጦር ክፍሉ ሥራ በገደለው ጠላት ቍጥር ይለካ ጀመር። ምስጋናና ሹመት በዚህ ቍጥር እንደሚገኝ አለቆቹ ባወቁ ጊዜ ቍጥሩ እያበጠ ሄደ፤ መሣሪያ ያልያዘ ገበሬ እንኳ ተገድሎ ሲገኝ ከጠላት ወገን የተቈጠረበት ጊዜ ነበር። ጡረታ የወጡት ጄኔራል ዳግላስ ኪናርድ በዚያ ያዘዙትን ጄኔራሎች ጠይቀው በ1977 መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ፣ መለኪያው ትክክለኛ ነበር ያሉት ከ100 ሰዎች 2ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። መዝገቡ ድል ሲጽፍ ቈይቶ፣ አሜሪካ የደገፈችው የሳይጎን መንግሥት በ1975 ወደቀ።

እንግዲህ መለኪያ ሥራን መዝግቦ ብቻ አይተወውም፤ ሥራውን ራሱን ይለውጠዋል። አለቃ የሚቈጥረውን ነገር ጭፍራው ያበዛለታል።

ከዚያ ጦርነት አስቀድሞ ግን የእኛ ዘማቾች በኮርያ ምድር ሌላ መለኪያ አሳይተው ነበር። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ገብቶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት እስከተፈረመ ድረስ ሦስት ሻለቃዎች እየተተካኩ ዘመቱ። ከ120 የሚበልጡ ሞቱ፤ ከ500 የሚበልጡ ቈሰሉ። ምርኮኞች በተለዋወጡ ጊዜ ግን ከጠላት እጅ የተመለሰ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የተማረከ አልነበረምና።

የሌላ አገር ምርኮኛ ሁሉ ነውረኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምርኮ በጀግናም ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ይህን ባዶ ቍጥር አንድ ጀግና ብቻውን ሊያስገኘው አይችልም። በሌሊት ቅኝት መካከል አንዱ ሲቈስል፣ አንዱ ይሸከመዋል፤ ሌላው እየተኰሰ ይከላከልለታል፤ ሦስተኛው መንገድ ይጠብቃል፤ አለቃውም ሁሉ ተቈጥሮ ሳይሞላ ወደ ሰፈር አይመለስም። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ቍጥሩ ይበላሻል። የጭፍራ ኅብረት እውነተኛ መለኪያው ይህ ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ የራሴ መዝገብ ይወቅሰኛል። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ተማሪዎቼን ከ1ኛ እስከ መጨረሻው በተርታ አስቀምጬ በወላጆቻቸው ፊት ስም እየጠራሁ አነብ ነበር። አንድ ልጅ፣ ትምህርት የከበደውን ጓደኛውን እስኪመሽ ድረስ ሲያስጠና ቈይቶ የራሱ ደረጃ ዝቅ አለበት። እኔም ያንን እያወቅሁ፣ ሰነፍክ ብዬ ገሠጽሁት፤ ለሠራው በጎ ሥራ በመዝገቤ ላይ ስፍራ አልነበረውምና።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህም ሆነ በሥራህ በሰዎች ላይ ተሹመህ እንደ ሆነ፣ ማን ቀደመ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ ማንስ ተመልሶ አነሣው ብለህ ጠይቅ።