ተሐድሶ
«ተሐድሶ ማዕከል ይሂዱ» ቢባሉ፣ የአዴት እናቶች መጀመሪያ የሚያማትቡ ይመስለኛል። በቤተ ክህነት ቃሉ የተወገዘ ወገን መጠሪያ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ «ጥልቅ ተሐድሶ» እያለ ስንቱን ስብሰባ ላይ አስቀምጧል። ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም። እዚያ ባለሙያው ከተቆረጠው እግር የቀረውን በጄሶ ለክቶ በልኩ የፕላስቲክ እግር ይሠራል፤ ባለጉዳዩም በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ መራመድ ይለማመዳል።

«ተሐደሰ» ግእዝ ነው፤ ታደሰ፣ አዲስ ሆነ። የተቆረጠ እግር ግን አይታደስም፤ የሚታደሰው አረማመዱ ነው። እኔ «ማገገሚያ» ብል እመርጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሰውየውን ከበሽታ የተነሣ ያስመስለዋል። ባለክራንቹ የአዴት ወዳጄ ሁለቱንም ትቶ፣ «እግር ቤት ልሄድ ነው» ይላል።