የዕጣ ስሌት፦ «ሞንቴ ካርሎ» ሲባል

መሐንዲሶችና የባንክ ሥጋት ተንታኞች «ሞንቴ ካርሎ ሠርተን አየነው» ሲሉ ብትሰሙ ሞናኮ ውስጥ ወዳለችው ሞንቴ ካርሎ ሄደው ቁማር ተጫወቱ ማለታቸው አይደለም። ዕድል የገባበትን ጉዳይ በቀመር ማስላት ሲያስቸግር፣ ኮምፒውተሩ ሺህ ጊዜ ዕጣ እንዲያወጣ አድርገው ውጤቱን ቆጠሩ ማለት ነው። በአማርኛ «የዕጣ ስሌት» ልንለው እንችላለን።

ሐሳቡ የመጣው በ1946 (እ.ኤ.አ.) ነው። በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነውና አሜሪካ የኖረው የሒሳብ ሊቅ ስታኒስላቭ ኡላም ከሕመም እያገገመ ሳለ ለብቻ የሚጫወቱትን ካርታ ይጫወት ነበር። የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ሊያወጣ ሞከረና አልሆነለትም፤ መቶ ጊዜ ተጫውቶ መቁጠሩ እንደሚቀል ገባው። ለሒሳብ ሊቁ ለጆን ፎን ኖይማን ነገረው፤ ዘዴውም በ1948 በኤንያክ ኮምፒውተር ለኒውትሮን ስሌት ዋለ። ፕሮግራሙን ከጻፉት አንዷ የፎን ኖይማን ሚስት ክላራ ነበረች፤ ስሟ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ቤት የሚያሠራ ሰው እናስብ። መሠረቱ ከ10 እስከ 20 ቀን፣ ግድግዳው ከ20 እስከ 35፣ ጣሪያው ከ8 እስከ 18 ቀን ይፈጃል ተባለ። ኮንትራክተሩ «በ50 ቀን አስረክባለሁ» ይላል። ለእያንዳንዱ ሥራ በተሰጠው ክልል ውስጥ አንድ ቀን በዕጣ አውጥተን ሦስቱን እንደምር፤ ይህን 10,000 ጊዜ እንድገመው። ድምሩ 50 ወይም ከዚያ በታች የሚሆነው ከመቶው 23 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። 60 ቀን ቢል ኖሮ 77 ገደማ በሆነ ነበር። ይህችን ትንሽ ምሳሌ በእጅም መቁጠር ይቻላል። ሥራዎቹ 20፣ የእያንዳንዱም አማራጭ 10 ቢሆን ግን ቅንጅቱ 1 ተጽፎ 20 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው፤ ያን የሚቆጥር የለም፤ ዕጣው ግን ያው ጥቂት ሺህ ነው የሚበቃው።

ዘዴው ክፍያም አለው። ግምቱ በአሥር እጥፍ እንዲጠራ ከተፈለገ ዕጣው በመቶ እጥፍ መጨመር አለበት።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ከላይ ሦስቱን ዕጣዎች ለየብቻ አወጣናቸው። ክረምቱ ከጠነከረ ግን ግድግዳውም ጣሪያውም አብረው ይዘገያሉ፤ ዕጣዎቹ የተያያዙ ናቸው። ይህን የዘነጋ ስሌት ከባድ መዘግየት እምብዛም እንደማይደርስ አድርጎ ያሳያል፤ ደንበኛውም ይታለላል። ኮምፒውተር የተሳሳተ ግምት ቢሰጡት አያርመውም፤ ሺህ ጊዜ ይደግመዋል እንጂ።

ስለዚህ «በሞንቴ ካርሎ ተሰልቷል» የሚል ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ፣ ስንት ዕጣ ወጣ ከማለታችሁ በፊት የቀኖቹን ክልል ማን እንደሰጠና ዕጣዎቹ ተያይዘው እንደሆነ ጠይቁ።